የደሴት ሦስት ደብተር

ስልኩ ሲጠራ ረታ ሰባተኛውን ጀሪካን እየሞላ ነበር። ቦሌ አራብሳ ውኃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ያውም ሐሙስ ይሁን ዓርብ በውል አይታወቅም። ስለዚህ ውኃ በመጣበት ሰዓት የሚደውል ሰው ሁሉ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ለረታ ጠላቱ ነው። ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል አጣብቆ «አቤት!» አለ፤ ቃሉ አቤት ይሁን እንጂ ድምፁ «ምን ቆርጦህ!» የሚል ነበር።

«ጋሽ ረታ ነዎት? ሉዋም እባላለሁ፤ ጂኦሎጂስት ነኝ። ስለ ደሴት ሦስት ላነጋግርዎት ፈልጌ ነበር።»

ጀሪካኑ ሞልቶ ፈሰሰ። ውኃው ወደ መታጠቢያ ቤቱ በመሄድ ፈንታ እንደ ልማዱ ወደ መኝታ ቤት ጉዞ ጀመረ፤ ወለሉ በማይሆን አቅጣጫ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያዘመመ ነውና። ረታ ቤቱን በተረከበ ቀን ይህንን ለተቋራጩ ሰው በሜትር ለክቶ አሳይቶት ነበር፤ ሰውየው ግን «አባቴ፣ ይለመዳል» ብሎት ሄደ። አሁን ወለሉንም፣ ተቋራጩንም፣ ውኃውንም ረሳ። ደሴት ሦስት የሚለውን ስም ከሌላ ሰው አፍ ከሰማ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው።

«ስሜን ማን ሰጠሽ?»

«የ87ቱ ሪፖርት ላይ አየሁት።»

«አዎ! እዚያ ሪፖርት ላይ ስሜ በምን እንደ ተነሣ አይተሻል አይደል? አሁን ደግሞ ምን ቀርቶሽ ነው?»

ባለቤቱ አፀደ መወልወያዋን ይዛ ከማድ ቤት ብቅ አለች። የባሏን ፊት አየችና ምንም ሳትጠይቅ መወልወል ጀመረች። ያ ፊት የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ መሆኑን ታውቃለች።

ረታ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጡረታ የወጣ ቀያሽ። ከሲኤምሲ እስከ ሰሚት፣ ከሰሚት እስከዚህ እስከ አራብሳ ድረስ እሱ ችካል ያልመታበት ሜዳ፣ ያልለካው የአጥር ማዕዘን የለም ቢባል ብዙም ውሸት አይሆንም። በደረጃ ሲወጣ ደረጃውን በዓይኑ ይለካል፤ ጎረቤት ግድግዳ ላይ ሥዕል ቢሰቅል ሳይጠሩት ሄዶ ያቃናል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው በዚህ ነው። እሱ ግን ራሱን የሚያውቀው በሌላ ነገር ነው፦ በአንዲት ባሕር በሌላት ደሴት።

በ1987 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ከመሥሪያ ቤቱ ኢንጂነር ጋር፣ ከዓዲግራቱ ተወላጅ ከተስፋጽዮን ጋር፣ በአንድ ላንድክሩዘር ወደ አፋር የጨው ሜዳ ወረዱ። ያ ሜዳ ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት ቀይ ባሕር ገብቶበት የነበረ ቦታ ነው። ዛሬ ከጨው መሃል ብቅ ብቅ ያሉት ኮረብታዎች ያን ጊዜ ደሴቶች ነበሩ፤ በዙሪያቸውም ኮራል፣ ማለትም በባሕር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታት የሚገነቡት ድንጋይ፣ ከውኃው ገጽ ብዙም ሳይርቅ አድጎ ነበር። ባሕሩ ሲሄድ ኮራሉ በኮረብታው ወገብ ላይ እንደ መቀነት ታስሮ ቀረ። ውኃ ደግሞ ሲተኛ ቀጥ ብሎ ነው የሚተኛው። መቀነቱ ዙሪያውን እኩል ከፍታ ላይ ከተገኘ መሬቱ ከዚያ ወዲህ አልተዛነፈም ማለት ነው። አንዱ ጎኑ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ካለ ግን የተዛነፈው መሬቱ ነው፤ የጥንቱ ባሕር የት ድረስ እንደ ነበረ ለማወቅም መጀመሪያ ያንን ማቃናት ያስፈልጋል። አፋሮቹ ኮረብታዎቹን በየስማቸው ይጠሯቸዋል። ተስፋጽዮን ግን ለሥራ እንዲያመቸው ደሴት አንድ፣ ደሴት ሁለት፣ ደሴት ሦስት ብሎ ጻፋቸው።

ደሴት ሦስትን ሌቭል በሚባለው የከፍታ መለኪያ ለክቶ መዞር አራት ቀን ፈጀ። መሣሪያው ፀሐይ በቀጥታ ሲመታው ልኩን ይስታል፤ ስለዚህ ጃንጥላ ይያዝለታል። ጃንጥላ የሚይዘውን ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ሙቀቱ ጣለውና ወደ ካምፕ ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ጃንጥላውን የያዘው ተስፋጽዮን ራሱ ነበር፤ አለቃ ነኝ ሳይል፣ አንዱ እጁ ሲዝል ወደ ሌላው እያዛወረ። ረታ ታሪኩን ሲያወራ ይህን ክፍል ቶሎ ነው የሚያልፈው።

የምሥራቁ ጎን ከምዕራቡ በሦስት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር በልጦ ተገኘ። በመጨረሻው ቀን ተስፋጽዮን ውኃ ለማምጣት በመኪናው ሄደ፤ ረታም የቀረውን እየለካ ዞሮ ከተነሣበት ችካል ላይ ደረሰ። ቀያሽ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ችካል ተነሥቶ ኮረብታውን ዞሮ እዚያው ችካል ላይ ሲመለስ፣ የወጣውና የወረደው ተቀናንሶ ዜሮ ወይም ለዜሮ በጣም የቀረበ ቁጥር ሊመጣለት ይገባል። ከመጣለት ሦስቱ ሜትር እውነት ነው፤ ካልመጣለት መንገድ ላይ ተሳስቷል። ይህንን ዙር መዝጋት ይሉታል። ረታ ዘጋ፤ የመጣለትንም ቁጥር ቢጫ ሽፋን ባላት የመስክ ደብተሩ ላይ በእርሳስ ጻፈ። በመስክ ደብተር ላይ ላጲስ ክልክል ነው። የተሳሳተ ቁጥር አይጠፋም፤ ማንበብ እንዲቻል በአንድ ቀጭን መስመር ብቻ ይሰረዝና ትክክለኛው ከላይ ተጽፎ ይፈረምበታል። ረታ ይህን ደንብ ከጾም ቀጥሎ ነው የሚያከብረው።

አዲስ አበባ ሲመለሱ ተስፋጽዮን ቁጥሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ሦስት ሜትር፣ በዚህች ትንሽ ኮረብታ? በዛ። እስቲ መዝጊያውን አሳየኝ» አለ።

«ዘግቻለሁ ብዬሃለሁ።»

«አውቃለሁ። ገጹን አሳየኝ።»

«በቃሌ ካላመንከኝ ገጹ ምን ይጨምርልሃል?» አለና ረታ ደብተሩን ብብቱ ስር ሸጉጦ ወጣ። እንደ ሌባ ሊፈትሸው! አራት ቀን ሙሉ ከፀሐይ ጋር ሲታገል የዋለን ሰው! ደብተሩ ያን ቀን ቤት ገባ፤ ወደ መሥሪያ ቤቱም አልተመለሰም። ከሁለት ወር በኋላ ሪፖርቱ ሲወጣ አንድ ባልደረባው ኮሪደር ላይ አስቁሞ «በቀያሹ ስህተት ብሎሃል እኮ» አለው። ረታ በሳምንቱ ዝውውር ጠየቀ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስም የሰው አጥር ሲለካ ኖረ።

ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ ያን ጊዜ ሁለቱም ገርጂ መኖራቸው ነው። ተስፋጽዮን ከረታ ሦስት ቤት አልፎ ነበር፤ እድራቸውም አንድ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ መንገድ ሲወጡና ሲገቡ ረታ ሰላምታውን የሚመልሰው በአገጩ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ጥር ላይ ተስፋጽዮን ሞተ። ንጋት ላይ የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ረታ ሰማ፤ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበና ተኛ። ቀብር አልሄደም።

በዚያ እድር ከቀብር የቀረ ሰው ስሙ በወሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል፤ ተነሥቶም ምክንያቱን ይናገራል። ረታ ለዚያ ቀን ንግግር አዘጋጀ። የደሴቲቱን ነገር፣ የጃንጥላውን ሳይሆን የሪፖርቱን ነገር፣ ከሥር እስከ ጫፍ በቃሉ ይዞ ሄደ። ስሙ ግን አልተነበበም። በዚያ ወርም፣ ከዚያም በኋላ፣ ስለ ቀብሩ አንድ ቃል የተናገረው ሰው አልነበረም። «ያውቃሉ» አለ ለራሱ። «የበደለኝን ሁሉም ያውቃሉ፤ ዝም ያሉት ለዚህ ነው።» በዚህ ዝምታ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተደላድሎ ተቀመጠ።

ሉዋምን ያገኛት ዓርብ ጠዋት፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ባለ ካፌ ነው። እዚያ ለመድረስ ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ፈጅቷል፤ ከሰሚት ወዲህ ያለው መንገድ ተቆፍሮ ስለ ነበር ግማሹን በእግሩ ነው የመጣው። ጫማው በአቧራ ነጭ ሆኗል። ልጅቱ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፤ ላፕቶፗን ከማኪያቶው አጠገብ ዘርግታ ሲያያት ቆሽቱ አረረ። ያን የሚያህል ዕቃ ሊደፋበት ነው።

«ጋሽ ረታ፣ ችካሎችዎ አሉ!» አለችው ገና ሳይቀመጥ። «ጥር ላይ ሄደን ነበር። ሁሉም አይደሉም፤ ግን የምዕራቡ መነሻና የምሥራቁ አሉ። በሳተላይት ለካናቸው። ዲፈረንሱ ሦስት ነጥብ አንድ ስድስት ነው።»

«ሦስት ነጥብ አንድ ዜሮ ነው» አለ ረታ፣ ሳያስበው።

«እሱን ነው የምልዎት! የእርስዎ ልክ ከሆነ መሬቱ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስድስት ሳንቲ ሜትር ጨምሮ አዘምሟል ማለት ነው። አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። ያንን ሳናውቅ የጥንቱ ባሕር ከፍታ ይህን ያህል ነበር ብንል ዝም ብሎ ግምት ነው። ግን ጽሑፌን የሚገመግሙት ሰዎች ሪፖርቱን አይተው ‹የድሮው ቁጥር የቀያሽ ስህተት ነው› አሉኝ። የዘጉበትን ገጽ ካላሳየሁ ሲሪየስሊ ዳታው ቅርጫት ነው የሚገባው። ሰኞ ማስገባት አለብኝ።»

ረታ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ስህተት አለመሆኑን የሚናገር ሰው ለሠላሳ ዓመት ጠብቋል፤ ሲመጣ ደግሞ ሰኞ ማስገባት አለብኝ ብሎ መጣ! «ያ ሰውዬ ነው ይህን ሁሉ ያመጣው» አለ። «አንድ መስመር ጽፎ ዕድሜዬን በላው።»

«ሙሉውን አንብበውታል?»

«ምን ያደርግልኛል? ሰው ነግሮኛል።»

ሉዋም ትንሽ አመነታችና ላፕቶፗን አዞረችለት። በታይፕ የተመታው አሮጌ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ልዩነት በቀያሹ ስህተት የመጣ ሊሆን ይችላል። ሆኖም በቦታው ተገኝቼ ያየሁት የሥራ ጥንቃቄ ይህንን ስለማያሳይ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ በአቶ ረታ እንደገና እንዲለካ አሳስባለሁ።»

ረታ አነበበው። እንደገና አነበበው። በሚቀጥለው ዓመት እሱ ተዛውሮ ነበር፤ ከዚያም የድንበሩ ጦርነት መጣና ወደዚያ የሚወርድ ሰው ጠፋ። «‹ሊሆን ይችላል› ብሎ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ጮኸ፤ አስተናጋጁ ዞር ብሎ አየው። «ወይ ነው፣ ወይ አይደለም! ሰው እንዲህ ተብሎ ይጻፍበታል?»

«ጋሽ ረታ፣ ኢንጂነሩ ገጹን ቢያዩት ኖሮ እኮ…»

«ደብተሩን አመጣልሻለሁ» አለና ብድግ አለ። አራብሳ እስኪደርስ ድረስ ግን «በዚሁ በአቶ ረታ» የምትለዋ ነገር ከጆሮው አልወጣ አለችው። በጣም አናደደችው።

ቤት ሲደርስ አፀደ ምስር ትለቅም ነበር።

«ቢጫዋን ደብተር አላየሽም?»

«የቷን ቢጫ?»

«አፀደ! በሕይወቴ አንድ ቢጫ ደብተር ነው የነበረኝ!»

«ዕቃ ስናጓጉዝ ጠፍታ ይሆናላ» አለች ቀና ሳትል።

ረታ ሻንጣውን ገለበጠ፤ ቁም ሣጥኑን ገለበጠ፤ የሠርጋቸው አልበም፣ የመብራት ደረሰኝ፣ እጀታው የተሰበረ ቦርሳ፣ ሁሉም ወለል ላይ ተዘረገፈ። ደብተር የለም። እራቱንም አኩርፎ በላ። ቅዳሜ ጠዋት አልጋውን ሊያነሣ ሲል አፀደ በሩ ላይ ቆማ «ተው፣ ወገብህን ትቆርጣለህ። እድር ቤት ናት» አለችው።

«ምን?»

ነገሩ ይኸው ነው። አፀደ ገርጂ ሳሉ የእድሩ ጸሐፊ ነበረች። መቃብር ላይ የተገኘውን ሰው የምትመዘግብበት ደብተር በዝናብ እየራሰ ሲበጣጠስባት፣ መደርደሪያ ላይ ያለ ሥራ የተቀመጠችውን ቢጫ ደብተር አየች። ወረቀቷ ውኃ አያስገባም፤ ሽፋኗ ጠንካራ ነው፤ ግማሿም ባዶ ነው። ገለበጠቻትና ከኋላ ጀመረች።

«ያንተን አልነካሁም» አለች። «ከኋላ ነው የጀመርኩት።»

«የቀብር መገኛ! በደሴት ሦስት ላይ!»

«ባዶ ነበረ እኮ!»

«ባዶ አልነበረም! ለሚቀጥለው ዓመት የተተወ ነበር!» አለ ረታ፤ ብሎም የገዛ ቃሉን ሲሰማ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

ገርጂ ያለው እድር ቤት ከነድንኳኑ፣ ከነአግዳሚ ወንበሩና ከነትልልቅ ድስቱ እንዳለ ነው። የአሁኗ ጸሐፊ ራሕማ በሩ ላይ ተቀምጣ ሳህን ትቆጥር ነበር። ረታ ጉዳዩን በአንድ ትንፋሽ ነገራት።

«ደብተሩ ከዚህ አይወጣም» አለች ራሕማ። «የሟች ስም ያለበት መዝገብ ነው። ማየት ግን ይችላሉ፤ የቆየ አባል ነዎት።»

«እሺ። ልየው።»

«ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ ነው ያለው ጋሽ ረታ። አንዱ እኔ ዘንድ ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«መዝገቡን የጻፈችው ዘንድ። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ ማንም ብቻውን እንዳይከፍት ተብሎ።» ራሕማ ፈራ ተባ አለች። «እትዬ አፀደ ዘንድ።»

ረታ ያገኘው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ከዚያ ደወለ። «አፀደ፣ የእድሩ ሣጥን ቁልፍ አንቺ ዘንድ ነው?»

«የስኳሩ ጣሳ ውስጥ ነው።»

«ጠዋት ስወጣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ?» አለች። ከዚያም ቀስ ብላ «አትመለስ። እኔው አመጣዋለሁ» አለች።

ከአራብሳ ገርጂ ድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀባት። እስከዚያው ረታ ለሉዋም ደውሎ እንድትመጣ ነገራት፤ አርፎ መቀመጥ ግን አልቻለም። ራሕማም ዝም ብላ አልተወችውም፤ ጂኦሎጂስት ከሙታን መዝገብ ምን እንደሚፈልግ አልገባትም። ረታ ዓይኑን አዙሮ ጥግ ላይ የተደፋውን ትልቅ የእድር ሳፋ አየ። አነሣው። ውስጡ ዙሪያውን የቅባት መስመር ይዞ ደርቋል።

«ይኸውልሽ፤ ይህ መስመር ምንድን ነው?»

«ዕቃ ሲታጠብበት ውኃው የነበረበት።»

«ውኃው አሁን የለም። ግን እስከዚህ ድረስ እንደ ነበረ ታውቂያለሽ። አሁን ሳፋውን እንዲህ ባዘነብለው…» አንዱን ጎን በጡብ ላይ አስደገፈው፤ መስመሩም ከሳፋው ጋር ተዛነፈ። «ቢዛነፍስ?»

ራሕማ አንገቷን ዘመም አድርጋ አየች። «ያዘነበለው ሳፋው ነዋ። ውኃማ አያዘነብልም።»

«እሰይ! ይኸንን አንቺ በአንድ ደቂቃ ስትረጂው፣ ያ ኢንጂነር ተብዬ…» ብሎ ጀመረና አፉ ላይ ቀረ። ተስፋጽዮን ይህ አልጠፋውም ነበር። የሳፋውን ነገር ለረታ ያስተማረው እንዲያውም እሱ ነው። እሱ የጠየቀው መዝጊያውን ገጽ ብቻ ነበር። ረታ ሳፋውን መልሶ ደፋውና ራሕማን ሳህኗን እንድትቆጥር ተዋት።

አፀደና ሉዋም ተከታትለው ደረሱ። አፀደ ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር፤ ስትፈታው እጇ ዘገየ። ሁለቱ ሴቶች ሁለቱን ቁልፎች አዙረው ሣጥኑን ከፈቱት፤ ከአሮጌ መዝገቦች ሥር ቢጫዋ ደብተር ወጣች። ሽፋኗ ደብዝዟል እንጂ ምንም አልሆነችም። ረታ ተቀበላትና ገጹን ለመፈለግ እንኳ አልቸኮለም፤ ጣቱ ራሱ ሄደ።

«ይኸው» አለ።

ገጹ ላይ በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «መነሻ ችካል ላይ ሲመለስ ልዩነት 9 ሚሊ ሜትር። ጥር 19 ቀን 1987። ረታ።»

«ዘጠኝ ሚሊ ሜትር!» ሉዋም ጮኸች። «ጋሽ ረታ፣ ያን ሁሉ ዞረው ዘጠኝ ሚሊ ሜትር! ስድስቱ ሳንቲ ሜትር እውነት ነው ማለት ነው፤ መሬቱ እየሄደ ነው!» ስልኳን አውጥታ ፎቶ ማንሣት ጀመረች። ሠላሳ ዓመት! ረታ ዞር ብሎ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ ራሕማ ያላየች መሰለች።

«ሁሉንም ገጽ ላንሳው» አለች ሉዋም፤ ደብተሩንም ገለበጠችው።

«ያ አያስፈልግሽም፤ የእድር ነው» አለች አፀደ፣ እጇን ሰድዳ።

ረታ ሚስቱን አየ። አፀደ በሕይወቷ ለምንም ነገር ቸኩላ አታውቅም። ደብተሩን ከሉዋም እጅ ተቀበለና ከኋላ ገለጠው። በአፀደ ክብ ክብ ፊደል፣ ቀብር በቀብር፣ ስም በስም ተደርድሯል። የተገኘ ሰው ምልክት አለው፤ ያልተገኘ «ቀረ» ይላል። ገጾቹን ቆጥሮ ሳይሆን ዓመቱን ተከትሎ ሄደ። ጥር 1998። የአቶ ተስፋጽዮን ቀብር። ዝርዝሩን በጣቱ ወረደ፤ አሥራ አራተኛው ላይ ቆመ። ረታ። ከስሙ አጠገብ የተገኘ ሰው ምልክት አለ።

«አፀደ» አለ፤ ድምፁ አልጮኸም። «እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አለች፤ የያዘችው ቁጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆየ ነበር። «ስምህ ሊነበብ ነበር። ተነሥተህ ያቺን ንግግርህን ልታሰማ ነበር፤ ማታ ማታ ስትለማመዳት እሰማህ ነበር እኮ! የሟቹ ሚስት ፊት ለፊት ተቀምጣ! ማቋን ለብሳ! ባሏን ቀብራ ወር ያልሞላት ሴት!» አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አፈርኩብህ። ስለዚህ መጥቷል ብዬ ጻፍኩ።»

ረታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ዝምታ! በደሉን ያወቀለት የመሰለው ሰው ሁሉ ምንም አላወቀም ነበር። ዝም ያሉት መዝገቡ መጥቷል ስላለ ነው። ትክክለኛ ቁጥር ጽፎባት ማንም ያላመነው ደብተር ውስጥ፣ ሁሉም ያመነው ይህን ውሸት ነበር፤ እሱም አምኖ ኖሮበታል። አፀደ ላይ ሊናደድ ሞከረ፤ ቁጣው እንደ ሁልጊዜው አልመጣለት አለ። የመጣለት የዛለ እጅ ነው፤ ጃንጥላ ከቀኝ ወደ ግራ ሲዛወር።

«እርሳስ አለሽ?» አላት ራሕማን።

«ሰው ያየዋል እኮ ረታ» አለች አፀደ።

«ይየው። ላጲስ አልጠየቅኩም።»

በምልክቱ ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሳለፈ፤ የታችኛው እንዲነበብ አድርጎ። ከላዩ «ቀረ» ብሎ ጻፈ። የዕለቱን ቀን ጽፎ ፈረመ። ከዚያ ደብተሩን ለራሕማ ዘረጋላት። «ስብሰባው ነገ አይደል? ደንቡ ምን ይላል?»

«ያልተገኘ ሰው ስሙ ይነበባል» አለች ራሕማ፣ ግራ ተጋብታ። «ግን ጋሽ ረታ፣ ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ…»

«ደንቡን ነው የጠየቅኩሽ።»

ሉዋም ጽሑፉ ላይ ምስጋናውን በማን ስም እንደምታደርግ ጠየቀችው። ረታ ንድድ አለው፤ ይህም ይጠየቃል? «ተስፋጽዮን ብለሽ ጀምሪ» አለ። «ደሴቲቱን የመረጠው እሱ ነው። እኔን ከሥሩ ጻፊኝ፤ ቀያሽ ብለሽ።»

እሑድ የእድሩ ሰው ድንኳን ሥር ተሰበሰበ። አፀደ ሄዳ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጠች፤ የተስፋጽዮን ባለቤት እንደ ወትሮዋ ከፊት ረድፍ ነበረች፤ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ራሕማ የወሩን ጉዳይ ጨረሰችና ቢጫዋን ደብተር ከፈተች።

«በ1998 ዓ.ም. ጥር፣ ከአቶ ተስፋጽዮን ቀብር የቀሩ፦ አቶ ረታ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። የሚያጉረመርም ነበር፤ የተሳሳተ ገጽ ያነበበች የመሰለውም ነበር። ረታ ተነሣ። የተስፋጽዮን ባለቤትም ቀስ ብላ ዞረችና አየችው።

«ምክንያት?» አለች ራሕማ፤ ደንቡ ነው።

ያቺ ንግግር አሁንም ከነነጠላ ሰረዟ በቃሉ ነበረች።

«ምክንያት የለኝም» አለ። «እሱ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ቆሞ ጃንጥላ ይዞልኛል። እኔ አንድ ቀን መቆም አቃተኝ።»